ውኃ ማለስለሻን በገዛ እጅ መግጠም፦ ባሕር ዳር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቤታችን ዓባይ ማዶ ነው። የግቢያችን የጉድጓድ ውኃ ጠንካራ ስለሆነ ማለስለሻ ገዝቼ በገዛ እጄ ገጠምኩ። ከዚያ ወዲህ ጎረቤቱም ዘመዱም ይጠይቀኛል። ለጥቂቶቹ ሄጄ አብሬያቸው ገጥሜያለሁ። ጥያቄዎቹ ስለሚመሳሰሉ መልሶቹን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። «ማሽኑ አልሠራ አለ» ተብዬ ሄጄ ካየኋቸው ቤቶች በአብዛኞቹ ማሽኑ ደህና ነበር። ችግሩ ከማሽኑ በፊት ነው፤ ግፊት የለም፣ ወይ ውኃው ደለል አለው። ወይ ደግሞ ከማሽኑ በኋላ ነው፤ ፍሳሹ መውጫ አጥቷል። ስለዚህ ስለ ዕቃው ከማውራቴ በፊት ስለ ውኃው አወራለሁ።

ጠንካራ ውኃ የሚባለው ምን ዓይነት ነው?

ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበት ውኃ ነው። ሳሙና አያረፋም። ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል። የሻወር ቀዳዳዎችን ይደፍናል። የቦይለር ሬዚስታንስ ላይ እንደ ኖራ ይለጠፍና ማሞቂያው መብራት እየበላ ውኃውን ቶሎ አያሞቅም። ባቄላና ሽምብራም ንፍሮ ለመሆን ይዘገያሉ። እኛ ዘንድ ከፍታውም አለ። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እዚህ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ንፍሮው ከዘገየ ጥፋቱ ሁሉ የውኃው ላይሆን ይችላል።

ልኩ በሊትር ስንት ሚሊግራም እየተባለ ይነገራል። እስከ 60 ለስላሳ ነው። ከ61 እስከ 120 መካከለኛ፣ ከ121 እስከ 180 ጠንካራ፣ ከ180 በላይ በጣም ጠንካራ ይባላል። ለጤና አደገኛ አይደለም። የሚጎዳው ዕቃንና ኪስን ነው።

የባሕር ዳር ውኃ ጠንካራ ነው? ለእኔስ ያስፈልገኛል?

እንደ ውኃው ምንጭ ይለያያል። የጣና ዙሪያ አለት በአብዛኛው ጥቁር ባዛልት ነው። የዝናብ ውኃ በድንጋዩ ስንጥቅ ሲሰርግ ካልሲየምና ማግኒዚየም እያሟሟ ይወርዳል። ከመሬት ሥር ብዙ የቆየው ብዙ ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ጎን ለጎን ሁለት ጉድጓድ ቢቆፈር የአንዱ ውኃ ሳሙና ሲያረፋ የሌላው እምቢ ሊል ይችላል። የጎረቤት ልምድ ለእናንተ ማስረጃ አይሆንም።

የሐይቁ ውኃ ሌላ ነው። ጣናን የሚሞሉት ዝናቡና እንደ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ያሉ ወንዞች ናቸው። የሟሟው ማዕድን ትንሽ ነው፤ የሚያስቸግረው ደለሉ ነው። ሐይቁ ዳር ልብስ ያጠበ ሰው ሳሙናው ቶሎ እንደሚያረፋ ያውቃል። ከሐይቁ በፓምፕ ለምትስቡ ሰዎች ማለስለሻ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። እናንተ የሚያስፈልጋችሁ ማጣሪያና ጀርም መግደያ ነው።

እኔ የምመክረው እንዲህ ነው። ልኩ ከ120 በታች ከሆነ አትግዙ። ማንቆርቆሪያውንና የሻወሩን ራስ አልፎ አልፎ በአቼቶ ወይ በሎሚ ጭማቂ እየዘፈዘፉ ማጽዳት ይበቃል። (አቼቶና በረኪና ግን በፍጹም አይደባለቁ፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣሉ።) ከ180 በላይ ከሆነና ቤታችሁ ቦይለር ወይም የልብስ ማጠቢያ ማሽን ካለ ማለስለሻው ዋጋውን ይመልሳል። በመካከል ያለው የእናንተ ውሳኔ ነው።

ልኩን ቤት ውስጥ ማወቅ ይቻላል?

ግምቱን ማወቅ ይቻላል። ሁለት ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ አምጡ። በአንዱ የዝናብ ውኃ፣ በሌላው የቤታችሁን ውኃ እኩል እኩል ግማሽ ድረስ አድርጉ። ክረምት ካልሆነ በዝናቡ ፋንታ ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውኃ ይሆናል። አሲዱን እንዳታነሱ ተጠንቀቁ። ከዚያ የልብስ ሳሙና ፍቃችሁ በትንሽ የዝናብ ውኃ አሟሙ። ከሟሟው ጥቂት ጠብታ እየጨመራችሁ ጠርሙሱን ናጡ። ጠብታውን ቁጠሩ። የዝናቡ ውኃ ወዲያው ያረፋል። የእናንተ ውኃ ብዙ እጥፍ ጠብታ ከፈለገና መጀመሪያ እንደ አጓት የደፈረሰ ነገር ካሳየ ጠንካራ ነው። እንደ ኦሞ ያለ ዱቄት ሳሙና ለዚህ አይሆንም። እሱ በጠንካራ ውኃም እንዲያረፋ ተደርጎ የተሠራ ነው።

ይህ ቁጥር አይሰጣችሁም። ቁጥሩን የጥንካሬ መለኪያ ወረቀት ወይም ላብራቶሪ ይሰጣችኋል። ላብራቶሪ ከሄዳችሁ ብረትንም አብራችሁ አስለኩ፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች እናገራለሁ። በብዙ እጅ የሚታየው ትንሹ ባለ ባትሪ መለኪያ ጥንካሬን ለብቻው አይለካም። የሟሟውን ነገር ሁሉ ደምሮ ነው የሚያሳየው።

አንድ ሌላ ሙከራም አለ። ነጩ ቅርፊት ላይ አቼቶ አንጠባጥቡ። ፈልቶ ከሟሟ የካልሲየም ቅርፊት ነው፤ ማለስለሻ ያስቀረዋል። አቼቶው ምንም ካላደረገው ከሲሊካ የመጣ ሊሆን ይችላል። እንደኛ ያለ የእሳተ ገሞራ አለት አገር የጉድጓድ ውኃ ሲሊካ ይኖረዋል፤ እሱን ማለስለሻ አይነካውም። ይህን ሳያውቁ ገዝተው ያዘኑ ሰዎች አሉ።

ማሽኑ ውስጥ ምን አለ?

ሬዚን የሚባል ጥቃቅን የፕላስቲክ እንክብል የሞላበት ረጅም ጋን ነው። እንክብሉ ሶዲየም ተሸክሞ ይቀመጣል። ጠንካራው ውኃ ሲያልፍበት ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን ይቀበልና ሶዲየሙን ይለቃል። ሲጠግብ ግን መቀበል ያቆማል። ያኔ ጠንከር ያለ የጨው ውኃ ይለቀቅበታል፤ የያዘውን ወደ ፍሳሽ ይለቅና እንደገና ይታደሳል። ይህ እጥበት ይባላል። ከጎን ያለው በርሜል የጨው ማስቀመጫ ነው። ጋኑ አናት ላይ ያለው ቫልቭ ደግሞ ውኃውን ወዴት እንደሚሄድ የሚያዘው ነው።

የምንጠጣውን ውኃ ያጣራልናል?

አያጣራም። ጀርም አይገድልም። ፍሎራይድ አያወጣም። ድፍርስን አያጠራም፤ እንዲያውም ድፍርሱ እሱን ይገድለዋል። የቢልሃርዝያ ስጋት ላለበት የሐይቅ ውኃም መከላከያ አይሆንም። ቀድሞ ታፈሉ ከነበረ አሁንም አፍሉ። ውኃ አጋር ትጨምሩ ከነበረ አሁንም ጨምሩ። ይህን ደጋግሜ የምናገረው ማሽኑን ገጥመው ማፍላት ያቆሙ ቤተሰቦች ስላጋጠሙኝ ነው።

ስንት ሊትር ሬዚን ያለው ልግዛ?

ሒሳቡ ቀላል ነው። አምስት ሰው ያለበት ቤት፣ እያንዳንዱ በቀን 80 ሊትር ቢጠቀም 400 ሊትር ነው። ጥንካሬው 200 ከሆነ 400 በ200 ሲባዛ 80,000 ሚሊግራም፣ ማለትም በቀን 80 ግራም ይሆናል። አንድ ሊትር ሬዚን በመጠነኛ ጨው ከታጠበ በአንድ ዙር ወደ 50 ግራም ይይዛል። ስለዚህ 12 ሊትር ሬዚን 600 ግራም ይይዛል፤ ሳምንት ይቆያል ማለት ነው። በሳምንት አንዴ መታጠብ ጥሩ ልክ ነው። በየሁለት ቀኑ የሚታጠብ ትንሽ ማሽን ውኃ ያባክናል። በየወሩ የሚታጠብ ትልቅ ማሽን ደግሞ ውኃ ሳይንቀሳቀስበት ይቆይና ይሸታል።

የአሃዱን ነገር ተጠንቀቁ። ከውጭ የሚመጡ ማሽኖች የተለያየ አሃድ ይጠቀማሉ። አንድ ግሬን በሊትር 17.1 ሚሊግራም ነው። አንድ የጀርመን ዲግሪ 17.8፣ አንድ የፈረንሳይ ዲግሪ 10 ነው። በግሬን የሚቆጥር ማሽን ላይ 200 ብላችሁ ከሞላችሁ ያለ እረፍት እየታጠበ ጨዉን ይጨርሰዋል። ለእሱ 200 ማለት 12 ገደማ ነው።

ሮቶዬ ከፍ ያለ ማማ ላይ ነው። ግፊቱ ይበቃል?

አብዛኛውን ጊዜ አይበቃም። ውድቀቱ ሁሉ የሚጀምረው እዚህ ስለሆነ ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ።

10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ግፊት ይሰጣል። ማማችሁ 5 ሜትር ከሆነ ያላችሁ ግማሽ ባር ነው። አብዛኞቹ ማለስለሻዎች ግን ቢያንስ ከ1.5 እስከ 2 ባር ይፈልጋሉ። ምክንያቱ የጨው ውኃው አሳሳብ ነው። ቫልቩ ውስጥ አንድ ጠባብ ቀዳዳ አለ። ውኃው በዚያ ሲያልፍ ይፈጥናል፣ ሲፈጥን የጨው ውኃውን ከበርሜሉ ይስባል። ግፊት ከሌለ ፍጥነት የለም፤ ፍጥነት ከሌለ ጨው አይሳብም። ማሽኑ ድምፅ እያሰማ ዙሩን ይጨርሳል። ሬዚኑ ግን አልታጠበም። ሰውዬው «ጨው እንኳን አይበላ፣ ቆጣቢ ነው» ብሎ ይደሰታል፤ ውኃው ግን እንደ ድሮው ነው።

መፍትሔው ከሮቶው በኋላ፣ ከማለስለሻው በፊት አውቶማቲክ ፓምፕ ማስገባት ነው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ ሮቶ፣ ፓምፕ፣ የደለል ማጣሪያ፣ ማለስለሻ፣ ከዚያ ቦይለርና ቤቱ። ግፊቱን በመለኪያ አረጋግጡ። ከ6 ባር በላይ እንዳያልፍ የማሽኑን መመሪያ ተመልከቱ። ፓምፑን ከከተማው መስመር ጋር በቀጥታ ማገናኘት ግን አይገባም። የጎረቤትን ውኃ ይሻማል፤ ቧንቧው የተሰነጠቀበት ካለም ከውጭ ቆሻሻ ይስባል። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣም ማሽኑን በቀጥታ ከቆጣሪው ጋር ማያያዝ አያዋጣም። እጥበቱ በደረሰበት ሌሊት ውኃ ላይኖር ይችላል። ሮቶው መሐል ይግባ።

የት ላስቀምጠው?

ፀሐይ የማያገኘው፣ ወለሉ ድልድል የሆነ፣ ፍሳሽና ሶኬት የሚቀርበው ቦታ። ጣሪያ ላይ አታውጡት፤ የባሕር ዳር ፀሐይ የፕላስቲክ ጋኑን ያደርቀዋል። ሙቅ ውኃ እንዳይነካው ከቦይለሩ በፊት ይሁን። ከቦይለሩ ወደ ኋላ ሙቅ ውኃ እንዳይመለስም መካከል ላይ የማይመልስ ቫልቭ ግጠሙ። ሲሞላ ከባድ ነውና የእንጨት መደርደሪያ ላይ አይቀመጥም።

በራሴ ልገጥመው እችላለሁ? አገጣጠሙስ?

ቧንቧ ቆርጣችሁ ማገናኘት ከቻላችሁ ትችላላችሁ። ከቆጣሪው በፊት ያለውን የከተማውን መስመር ግን አትንኩ። ሥራውን ጠዋት ጀምሩት። ማታ ላይ አንድ ዕቃ ቢጎድል ሱቅ ይዘጋባችሁና ቤተሰቡ ያለ ውኃ ያድራል። ፒፒአር ቧንቧ ከሆነ የማቅለጫ ማሽን ያስፈልጋል፤ ከቧንቧ ሠራተኛ ለግማሽ ቀን መከራየት ወይም ለማቅለጡ ብቻ እሱን መጥራት ይቻላል። ከዚያ ውጭ ቴፍሎን፣ ሦስት ቫልቭ፣ ሁለት ዩኒየን (ቧንቧው ሳይቆረጥ የሚፈታ መገጣጠሚያ)፣ ቧንቧ መቁረጫና መፍቻ ይበቃል።

ከምንም በፊት ባይፓስ ሥሩ። አንድ ቫልቭ ወደ ማሽኑ መግቢያ፣ አንድ ከማሽኑ መውጫ፣ አንድ በሁለቱ መካከል ማሽኑን ዘሎ የሚያልፍ። ማሽኑ ሲበላሽ ሁለቱን ዘግታችሁ መካከለኛውን ትከፍታላችሁ፤ ቤቱ ውኃ አያጣም። አንዳንዱ ማሽን ከነባይፓሱ ይመጣል። ዩኒየኖቹን ደግሞ አትዝለሉ። ያለ እነሱ የገጠመ ሰው ለጥገና ቧንቧውን እንደገና ይቆርጣል።

ሬዚኑ ለብቻው በከረጢት ከመጣ ጋኑን እናንተ ትሞላላችሁ። ረጅሙን ቱቦ መሐል አቁሙና አፉን በፕላስተር ጥብቅ አድርጋችሁ ሸፍኑ። አንዲት እፍኝ ሬዚን ቱቦው ውስጥ ከገባች በኋላ በየቧንቧው አፍ ስትወጣ ታገኟታላችሁ። መመሪያው ጠጠር ካዘዘ መጀመሪያ ጠጠሩን፣ ከዚያ ሬዚኑን በማንቆርቆሪያ ቀስ እያላችሁ አፍስሱ። ጋኑ አፉ ድረስ አይሞላም። ሁለት ሦስተኛው ይበቃል፤ ሬዚኑ በእጥበት ጊዜ የሚነሳበት ቦታ ይፈልጋል። የቱቦውን ፕላስተር አንሱ። ይህንን ረስተው የዘጉ አሉ። ቫልቩን ከላይ ስታስሩ የጎማ ቀለበቱን በሲሊኮን ግሪስ ቀቡት፤ ቫዝሊን ጎማውን ያበላሻል። ቴፍሎን እዚህ ቦታ አይገባም። በእጅ ጥብቅ ማድረግ ይበቃል፤ በመፍቻ ካጠበቃችሁት ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል።

የውኃ መግቢያና መውጫውን የሚያሳየውን ቀስት አይታችሁ አገናኙ። ተገልብጦ ከተገጠመ ሬዚኑ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ውኃውን ስትከፍቱ በሩብ ዙር ብቻ ጀምሩ። ቫልቩን በመጀመሪያ «ባክዋሽ» ላይ፣ ማለትም ውኃው ሬዚኑን ከታች ወደ ላይ በሚያጥብበት ቦታ፣ አድርጉት። አየሩ እየተንፈቀፈቀ ይውጣ። መጀመሪያ የሚወጣው ውኃ ሻይ መሳይ ቀለም ሊኖረው ይችላል፤ አትደንግጡ፣ አዲስ ሬዚን ነው። እስኪጠራ ጠብቁ። ከዚያ በርሜሉ ውስጥ መመሪያው የሚለውን ያህል ውኃ ጨምሩ፣ ጨዉን ጨምሩ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ይሟሟ፣ አንድ ሙሉ እጥበት አስኪዱ። ሲያበቃ የሳሙናውን ሙከራ ድገሙት። አሁን የቤታችሁ ውኃ እንደ ዝናቡ ውኃ ያረፋል። እኔ ያን ቀን ባለቤቴንና ልጆቹን ጠርቼ ጠርሙሱን አሳይቻቸዋለሁ።

አንድ የደኅንነት ጉዳይ አለ። በቆዩ ቤቶች የመብራቱ ኤርዝ ከብረት የውኃ ቧንቧ ጋር ታስሮ ይገኛል። ያንን ቧንቧ ቆርጣችሁ መሐሉ ላይ ፕላስቲክ ስታስገቡ ኤርዙን ቆረጣችሁት ማለት ነው። ከመቁረጣችሁ በፊት በኤሌክትሪክ ባለሙያ አሳዩ። ሻወር ላይ ሰው የሚይዘው እንዲህ ሲሆን ነው።

ሰዓቱን እንዴት ልሙላው?

ይህን እኔም ተሳስቼበታለሁ። ማሽኑ ሌሊት 2:00 ላይ እንዲታጠብ ተደርጎ ነው የሚመጣው። የእሱ 2:00 በእኛ አቆጣጠር ሌሊት 8 ሰዓት ነው። እኔ «8 ሰዓት» ብዬ 8:00 ሞላሁ። ለማሽኑ 8:00 ማለት በእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ልጆቹ ፊታቸውን በሚታጠቡበት ሰዓት ማሽኑ መታጠብ ጀመረ። እየታጠበ ሳለ ውኃ ብትከፍቱ ያልለሰለሰው ያልፋል፤ አንዳንዱ ማሽን ጭራሽ ይዘጋል። ስለዚህ መጀመሪያ የአሁኑን ሰዓት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሙሉ፣ ከዚያ የእጥበቱን ሰዓት 2:00 አድርጉ።

መብራት ሲጠፋስ? አንዳንዱ ማሽን ሰዓቱን ይረሳል። ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱ በእጥበት መሐል ሲጠፋ ነው። ብዙዎቹ ቫልቮች በነበሩበት ይቆማሉ። ወደ ፍሳሽ እያፈሰሰ ከነበረ ማፍሰሱን ይቀጥላል። ፓምፑ ቢቆምም የሮቶው ውኃ በራሱ ክብደት ይወርዳል። እኔ ጋ በአንድ ሌሊት 1,000 ሊትር ሮቶ ባዶ ሆኖ አድሯል፤ ያውም ቧንቧ ያልመጣበት ሳምንት። ስለዚህ አሁን እጥበቱን ነቅቼ በምኖርበት ሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት ላይ፣ አደርገዋለሁ። መብራት ከጠፋ ወዲያው ወደ ባይፓስ እቀይራለሁ። መብራት ቶሎ ቶሎ ለሚሄድበት ሰፈር በእጅ የሚዞረውን ቫልቭ እመርጣለሁ። ርካሽም ነው፣ የሚበላሽ ሞተርም የለውም። በሳምንት አንዴ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቆሞ ማዞር ብቻ ነው።

የትኛውን ጨው ልጠቀም?

ለማለስለሻ ተብሎ የተጠፈጠፈው እንክብል ጨው ከተገኘ እሱ ጥሩ ነው። ካልተገኘ ንጹሕና ድፍን ያለ ጨው ፈልጉ። ደቃቁ የገበታ ጨው ከበርሜሉ ሥር እንደ ሊጥ ይጋገራል። አሞሌ ደግሞ አፈርና ሸክላ አብሮት ስለሚመጣ ቫልቩን ይደፍናል። የምታውቁት ጨው ጥርት ያለ መሆኑን ለማየት አንድ እፍኝ በብርጭቆ ውኃ አሟሙ፤ ሥሩ ላይ ጭቃ ከተኛ ይቅርባችሁ። ከላይ ባሰብነው ቤት በእያንዳንዱ እጥበት 1.3 ኪሎ ገደማ፣ በወር 5 ኪሎ አካባቢ ይሄዳል።

የእጥበቱን ውኃ ለጓሮ አትክልት ላጠጣው?

እባካችሁ አታጠጡት። ጨው ነው። ማንጎውን፣ ሎሚውን፣ ጌሾውን ያደርቃል። አፈሩንም ያበላሻል፤ ሶዲየም የሸክላ አፈርን ያጣብቀውና ውኃ የማያሰርግ ያደርገዋል። በአንድ እጥበት 100 ሊትር ገደማ ይወጣል።

ወደ መንገድ ቦይ ማፍሰሱም ልክ አይደለም። በከተማችን የብዙ ቦይ መጨረሻ ጣና ወይም ዓባይ ነው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኖ ተመዝግቧል፤ በእምቦጩም በደለሉም ያየውን መከራ ሁላችን እናውቃለን። የአንድ ቤት 5 ኪሎ ጨው ትንሽ ይመስላል። ቤቶቹ ግን እየበዙ ነው። ጨው ደግሞ አይበሰብስም፤ የሄደበት ይቆያል።

እኔ ወደ ሴፕቲክ ታንኩ እለቀዋለሁ። ለብቻው የማስረጊያ ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው ከውኃ ጉድጓዱ አርቆ፣ በተዳፋቱ በታች በኩል ያድርገው። አለዚያ ጨዉ ተመልሶ ወደ ራሱ ባልዲ ይመጣል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ጨዉን መቀነስ ነው። ቤቱን ሁሉ ማለስለስ ለምን ያስፈልጋል? ሽንት ቤቱ፣ ግቢው፣ መኪና ማጠቢያው ጠንካራ ውኃ ይጠቀሙ። ቦይለሩንና ማጠቢያ ማሽኑን ብቻ ብታለሰልሱ ጨዉም ውኃውም በብዙ ይቀንሳል። በቀን ሳይሆን ባለፈው ውኃ ልክ የሚታጠብ ማሽንም ይቆጥባል።

የፍሳሹ ጎማ ጫፍ ወደ ሽንት ቤቱ ቧንቧ ጠልቆ አይግባ። 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በአየር ላይ ይንጠልጠል። ፍሳሹ ቢደፈን ቆሻሻው ወደ ንጹሑ ውኃ እንዳይሳብ ነው።

ደም ግፊት አለብኝ። ውኃውን መጠጣት እችላለሁ?

ጥንካሬው 200 የነበረ ውኃ ሲለሰልስ በሊትር 92 ሚሊግራም ገደማ ሶዲየም ይጨመርበታል። በቀን 2 ሊትር ብትጠጡ 184 ሚሊግራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ2,000 ሚሊግራም በታች ይመክራል። ለጤነኛ ሰው ትንሽ ነው። ጨው ቀንሱ ለተባሉ፣ ለኩላሊት ሕመምተኞችና የዱቄት ወተት ለሚጠጡ ሕፃናት ግን ሐኪም ይጠየቅ። እኔ ለሁሉም የሚሆነውን መፍትሔ እመርጣለሁ፦ የወጥ ቤቱ አንድ ቧንቧ ከማለስለሻው በፊት ይገንጠል። እናቴ ከምትጠጣው ውኃ ላይ ሶዲየም ልጨምርባት አልፈልግም። ቡናውም በዚያው ውኃ ይፈላል።

ከተገጠመ በኋላ ገላዬ አሙለጨለጨኝ። ሳሙናው አይለቅም?

ለቋል። ድሮ ገላችሁ ላይ ይቀር የነበረው የሳሙናና የካልሲየም ዝቃጭ ነው አሁን የሌለው። ሳሙናውን በግማሽ ቀንሱት።

በቧንቧው ላይ የሚታሰር ማግኔት ይበቃል የሚሉ አሉ።

ማግኔት ካልሲየሙን ከውኃው አያወጣም። የሳሙናውን ሙከራ አድርጉበት፤ ለውጥ አታዩም። ገንዘባችሁን አስቀምጡ።

ጨዉ አይቀንስም። ወይም ውኃው ጨው ጨው ይላል። ምን ልሥራ?

ጨዉ ካልቀነሰ መጀመሪያ ግፊቱን ለኩ። ከዚያ በርሜሉን በእንጨት ወጋ ወጋ አድርጉ፤ ጨዉ ከላይ እንደ ድልድይ ተጋግሮ ሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ቫልቩ ውስጥ ያለችውን፣ የጨው ውኃውን የምትስበውን ጠባብ ቀዳዳ ፍቱና በውኃ እጠቡ። በደለል ትደፈናለች፣ በተለይ በክረምት። ከፊት ያለውን ማጣሪያ በሐምሌና በነሐሴ ቶሎ ቶሎ ቀይሩ።

ውኃው ጨው ጨው ካለ የፍሳሽ ጎማው ታጥፎ ይሆናል፣ ወይም የመጨረሻው እጥበት በመብራት መጥፋት ተቋርጧል። ጎማውን አቅኑና እጥበቱን እንደገና አስኪዱ።

ሁሉም ደህና ሆኖ ልስላሴው ቀስ በቀስ ከጠፋ ብረት ጠርጥሩ። ብረት ያለበት የጉድጓድ ውኃ ሲቀዳ ንጹሕ ይመስላል፤ ሲያድር ዝገት መሳይ ይዘቅጥበታል። ሬዚኑን እየለበሰ ያንቀዋል። ላብራቶሪ ስትሄዱ ብረትንም አስለኩ ያልኩት ለዚህ ነው። ብረት ካለ ማለስለሻው ከመገጠሙ በፊት የብረት ማጣሪያ ይቅደም። ሮቶ ውስጥ ክሎሪን አብዝቶ መጨመርም ሬዚኑን ያደክማል።

ቤቱን ለወራት ዘግቼ ብሄድስ?

ባይፓስ አድርጉት፣ ሶኬቱን ንቀሉ፣ የመግቢያ ቫልቩን ዝጉ። ስትመለሱ ውኃው ጋኑ ውስጥ ቆሞ ስለከረመ ሳትጠቀሙበት በፊት አንድ ሙሉ እጥበት አስኪዱ። ሽታ ካለው ሁለተኛ ድገሙት። ከዚያ ማጣሪያውን ቀይራችሁ፣ የማሽኑን ሰዓት እንደገና ሞልታችሁ ክፈቱት።